ሬይ ዓሣና ዘማሪ ወፍ፦ ስለ ምደባቸውና ስለ ህልውና ደረጃቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎ፣ ከሳይንስ ፋኩልቲው ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ተማሪዎችን ባዮሎጂ አስጠናለሁ። «አንድ ሬይና አንድ ዘማሪ ወፍ ምረጡና በምደባቸውና በህልውና ደረጃቸው አወዳድሩ» የሚል የቤት ሥራ ይዞ የሚመጣ ልጅ አይጠፋም። ልጁ ከሄደ በኋላ ማታ እናት ወይም አባት ይደውላሉ፤ ጥያቄው ያው ነው። አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ከምደጋግም ብዬ መልሱን እዚህ ሰበሰብኩት። ለማወዳደሪያ የያዝኳቸው ትልቁ ማንታ ሬይና የኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ቁራ ናቸው። ለምን እነሱን እንደመረጥኩ ወረድ ስትሉ ይገባችኋል።

ሬይ ምንድን ነው? በአማርኛስ ምን ይባላል?

ደጋ ላይ ተቀምጠን ባሕሩ ስለራቀን ለዚህ ዓሣ የተለመደ የአማርኛ ስም የለንም፤ ሬይ እንበለውና እንለፍ። ሰውነቱ ተዳምጦ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ነው፤ ግራና ቀኙ እንደ ክንፍ ሰፍቶ ከኋላው ቀጭን ጅራት ይከተለዋል። ጠንካራ አጥንት የለውም። አጽሙ በሙሉ ለስላሳ አጥንት ነው። ለስላሳ አጥንት ምን እንደሆነ ለማወቅ የጆሯችሁን ጫፍ አጥፋችሁ ልቀቁት፤ ተመልሶ ቀጥ የሚለው ነገር እሱ ነው። የቅርብ ዘመዱ ሻርክ ነው። በዓለም ላይ ከ600 በላይ የሬይ ዝርያዎች ይታወቃሉ።

ትልቁ ማንታ ሬይ ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው 7 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቤት ውስጥ ይህን ስናገር ልጆቹ ወደ መንገዱ አይተው በሚኒባስ ታክሲ ይለኩታል፤ ማንታው ይበልጣል። እንዲህ ገዝፎም የሚበላው በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቃ ፍጥረታትን እያጣራ ነው።

ዘማሪ ወፍ የሚባለው ስለዘመረ ነው?

አይደለም። ርግብም ታንጎራጉራለች፣ ግን ዘማሪ ወፍ አይደለችም። ይህ የዝምድና ስም ነው። በዓለም ካሉት 11 ሺህ ገደማ የወፍ ዝርያዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፓሰሪፎርሜስ በሚባል አንድ ክፍለመደብ ውስጥ ይገባሉ። ስሙ የመጣው ከላቲን ነው፤ ፓሰር ማለት ድንቢጥ ነው፣ ስለዚህ «ድንቢጥ መሰሎች» ብንላቸው አልተሳሳትንም። እግራቸው ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ጣት ወደ ኋላ ሆኖ ቅርንጫፍ ጨብጦ ለመቀመጥ የተመቸ ነው። ከነሱ ውስጥ 5 ሺህ የሚያህሉት ዘማሪ የሚባሉት ናቸው። መለያቸው ከትንፋሽ ቧንቧቸው ታች ያለው የድምፅ ሳጥን ነው፤ በብዙ ትንንሽ ጡንቻዎች ስለሚታዘዝ ድምፃቸውን እንደፈለጉ ያጠማዝዙታል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለመለማመድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጣሪያ ሥር የምትንጫጫው ድንቢጥ፣ ጎጆዋን ከሣር ጠልፋ የምታንጠለጥለው ወፍ፣ የአበባ ማር የምትመጠውና በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመችው ረዥም ምንቃር ያላት ወፍ፣ ሁሉም ዘማሪዎች ናቸው። ከእጃችን ሥጋ የሚነጥቀው ጭልፊት ግን አይደለም፤ ጋጋኖም ሰፈሩን ሁሉ በጩኸት ቢቀሰቅስ አይደለም።

«ቲቸር፣ ቁራ ዘማሪ ወፍ ነው ነው የምትለን?»

አዎ፣ ነው የምላችሁ። በየዓመቱ ክፍሉ የሚስቅበት ቦታ ይህ ነው። «ቁር ቁር» ከሚል ድምፅ ምን ዝማሬ ይወጣል ይላሉ። ነገር ግን የቁራ የድምፅ ሳጥን የተሠራው ልክ እንደ ዘማሪዎቹ ነው፤ የዘር ውርሱም ከነሱ ጋር ያቆራኘዋል። ቁራ መዝፈኛውን ይዞ የማይዘፍን ወፍ ነው። እንዲያውም እኛ ጋ ያለው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትና ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የደነደነው ትልቁ ቁራ፣ ከዓለም ግዙፍ ዘማሪ ወፎች ተርታ ይመደባል፤ ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ኖኅ ልኮት ሳይመለስ በመቅረቱ እስከ ዛሬ «የቁራ መልእክተኛ» እያልን የምናማው ወፍ ከድንቢጥ ጋር አንድ ክፍለመደብ ነው።

የሁለቱን ምደባ ከላይ እስከ ታች ይንገሩን

ለደብተራችሁ የሚሆነው ይኸውና፦

ስፍን፦ ሁለቱም እንስሳ (አኒማሊያ)
ክፍለስፍን፦ ሁለቱም ኮርዳታ፤ ሁለቱም ደንደሴ (አከርካሪ ያላቸው) ናቸው
መደብ፦ ማንታው ኮንድሪክቲስ (አጽማቸው ለስላሳ አጥንት የሆነ ዓሦች)፤ ቁራው ኤቬስ (ወፎች)
ክፍለመደብ፦ ማንታው ሚሊዮባቲፎርሜስ፤ ቁራው ፓሰሪፎርሜስ
አስተኔ፦ ማንታው ሞቡሊዴ፤ ቁራው ኮርቪዴ (የቁራዎች አስተኔ)
ወገን፦ ማንታው ሞቡላ፤ ቁራው ዛቫታሪዮርኒስ
ዝርያ፦ ሞቡላ ቢሮስትሪስ፤ ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬሴማኒ

እንደምታዩት ሁለት ደረጃ አብረው ሄደው መደብ ላይ ይለያያሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ። «አስተኔ» የሚለው ቃል ተማሪዎችን ያምታታል፤ «ገበሎ አስተኔ» የምንላቸው በደረጃ አስተኔ አይደሉም፣ መደብ ናቸው። ፈተና ላይ በዚህ ነጥብ የሚጥል ልጅ ብዙ ነው። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የቃሉ ነው።

ሁለቱም «ክንፍ» አላቸው። ይህ ዝምድና አያሳይም?

ግማሹ ያሳያል። የሬይ «ክንፍ» የደረት ክንፉ ነው፤ ማንኛውም ዓሣ ከጉንጩ ኋላ የሚያወዛውዘው ያ ክንፍ ሰፍቶ ከጭንቅላቱ ጋር ተጣብቆ ነው። የወፍ ክንፍ ደግሞ የፊት እግር፣ ማለትም እንደኛ ክንድ ነው። የደረት ክንፍና ክንድ መነሻቸው አንድ የጥንት አካል ስለሆነ አካሉ ዝምድና አለው። ለመቅዘፍ መስፋቱና ለመብረር ላባ ማብቀሉ ግን እያንዳንዱ ለብቻው የደረሰበት ነው። ማንታ በውሃ ውስጥ ሲሄድ ወፍ ሲበር የመሰለን ውሃም አየርም የሚቀዘፉበት መንገድ ስለሚመሳሰል ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ደግሞ አለ። እንቁላል የሚጥለው ወፉ ነው፤ ዓሣው ማንታ ግን ልጁን በሆዱ ተሸክሞ ሙሉ ሆኖ ይወልዳል። «ዓሣ እንቁላል ይጥላል» ብሎ የሸመደደ ልጅ እዚህ ይያዛል።

ማንታ ዓሣ ከሆነ ለቆሮሶ ይቀርባል፣ ለወፍ ይርቃል ማለት ነው?

ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ይህን ነው፤ መልሱ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ስለሆነ። ዓሣ ቤት ተጠብሶ የሚቀርብላችሁ ቆሮሶ ለቁራው ይቀርባል፣ ለማንታው አይቀርብም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት መንጋጋ ያላቸው ዓሦች ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን አጽሙ ለስላሳ አጥንት የሆነው ነው፤ ሻርክና ሬይ ከዚያ ናቸው። ሌላኛው አጥንታሙ ወገን ነው። ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ፣ ከሐዋሳም ከዝዋይም ከጫሞም ከጣናም የሚመጣልን ሁሉ ከሁለተኛው ነው። ኋላ ከዚህ ከአጥንታሙ ወገን አንድ ቅርንጫፍ ወደ ምድር ወጣ፤ ከሱም እንቁራሪት፣ ገበሎ፣ ወፍ፣ እኛም ተገኘን። ስለዚህ ቆሮሶና ቁራ የአጎት ልጆች ቢሆኑ ማንታ የቅድመ አያታቸው ወንድም ዘር ነው።

ማስረጃውን ወጥ ቤት ታገኙታላችሁ። ቆሮሶ ስትበልቱ ከሆዱ ውስጥ በአየር የተሞላች ነጭ ፊኛ አለች። ያቺ ፊኛና የወፍ ሳንባ መነሻቸው አንድ ነው። ሬይና ሻርክ ግን ፊኛዋ የለቻቸውም። እናቴ ይህን ስነግራት «እንግዲህ ዓሣ የሚባል ነገር የለም በለኛ!» አለችኝ። በምደባ ሳይንስ ዓይን እውነቷን ነው፤ «ዓሣ» የአኗኗር ስም እንጂ የአንድ ቤተሰብ ስም አይደለም። ወፍም እንዲሁ በጥብቅ ሲመደብ ከገበሎ አስተኔዎች ቅርንጫፍ አንዱ ነው፤ ዛሬ በሕይወት ካሉት የቅርብ ዘመዱ አዞ ነው። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ግን ለየብቻ ስለሚያስቀምጣቸው ፈተና ላይ መጽሐፉን ተከተሉ።

በአንዳንድ ጽሑፍ ማንታ፣ በሌላው ሞቡላ ይላል። የትኛው ነው ትክክል?

አሁን የሚሠራው ሞቡላ ነው። ማንታ የሚባል ራሱን የቻለ ወገን ነበር፤ የዘር ውርስ ጥናት ሞቡላ ውስጥ እንደሚገባ ስላሳየ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ተጠቃልሏል። «ማንታ» እንደ ተራ መጠሪያ ቀርቷል። የቆየ መጽሐፍ የያዘ ልጅ አልተሳሳተም፣ መጽሐፉ አርጅቶበት ነው።

የቁጥቋጦ ቁራውም ቢሆን ስሙን ለማግኘት ደክሟል። ጣሊያናዊው ሞልቶኒ እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሰይመው ወገኑን ለጣሊያናዊው የእንስሳት ሊቅ ዛቫታሪ፣ ዝርያውን ለጀርመናዊው የወፍ ሊቅ ሽትሬዘማን መታሰቢያ አደረገው። ቁራ ይሁን ሌላ ነገር ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ተከራክረውበታል። የዘር ውርስ ጥናት ከቁራዎች መደበው፤ በወገኑ ውስጥ ግን ሌላ ዝርያ የለም፣ ብቸኛ ነው። ስሙ የሚያስታውሰው ሁለት አውሮፓውያንን ነው፤ የቦረናን ከብት ተከትሎ እየጫረ ሲበላ የኖረ ወፍ ስለ መሆኑ አንድ ፊደል የለበትም። ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል።

የህልውና ደረጃን ማን ነው የሚሰጠው?

እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ነው፤ ከ1964 ጀምሮ «ቀይ መዝገብ» የሚባለውን ያዘጋጃል። ደረጃዎቹ 9 ናቸው፦ የጠፋ፣ በዱር የጠፋና በሰው እጅ ብቻ የቀረ፣ ለከፋ የመጥፋት አደጋ የተጋለጠ፣ ለመጥፋት አደጋ የተጋለጠ፣ ተጋላጭ፣ ለአደጋ የተቃረበ፣ ብዙም የማያሰጋ፣ በቂ መረጃ የሌለው፣ ያልተገመገመ። «በቂ መረጃ የሌለው» ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ይህን ደጋግሜ እላለሁ።

ደረጃው በግምት አይሰጥም፣ መስፈርት አለው። ቁጥሩ በምን ያህል ፍጥነት ቀነሰ? የሚኖርበት ቦታ ስንት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው? የቀሩት ስንት ናቸው? ለምሳሌ በሦስት ትውልድ ውስጥ በግማሽና ከዚያ በላይ የቀነሰ ዝርያ «ለመጥፋት አደጋ የተጋለጠ» ሊባል ይችላል።

የማንታውና የቁጥቋጦ ቁራው ደረጃ ምንድን ነው?

አንድ ነው፤ ሁለቱም «ለመጥፋት አደጋ የተጋለጠ»። የመረጥኳቸውም ለዚህ ነው። በምደባ እንዲህ ተራርቀው በመዝገቡ ጎን ለጎን ቢቀመጡም እዚያ ያደረሳቸው መንገድ ጨርሶ አይገናኝም።

ማንታው ቦታ አልጠበበውም። በዓለም ሞቃታማ ውቅያኖሶች ሁሉ ይዞራል። ችግሩ አወላለዱ ነው። አንዲት ማንታ ብዙ ጊዜ የምትወልደው አንድ ልጅ ነው፤ እርግዝናው ዓመት ይፈጃል፣ በመካከሉም ዓመታት ታርፋለች። አንድ ትውልድ 29 ዓመት ገደማ ተብሎ ይሰላል። እንዲህ ቀስ እያለ የሚተካን ፍጥረት መረብ ሲያጠምደው ምን ይሆናል? ቱና በሚጠመድበት መረብ ሳይፈለግ ይገባል፤ ተፈልጎም ይጠመዳል፣ ምክንያቱም ምግቡን የሚያጣራበት፣ ስንጥቡ (መተንፈሻው) ላይ ያለው ስስ ዝርግ አካል ደርቆ በእስያ ገበያ እንደ ባህል መድኃኒት ይሸጣል። ገምጋሚዎቹ በሦስት ትውልድ ውስጥ ቁጥሩ ከ50 እስከ 79 በመቶ እንደቀነሰ ገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ከ«ተጋላጭ» ወደ አሁኑ ደረጃ አወጡት።

የቁጥቋጦ ቁራው ደግሞ ማንም አያጠምደውም፣ ማንም አይሸጠውም። ሰፈሩ ነው ጠባብ። በዓለም ላይ የሚገኘው በያቤሎ፣ በሜጋና በአረሮ አካባቢ ብቻ ነው። አመዳማ ነጭ ወፍ ነው፤ ክንፉና ጅራቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ዙሪያ ላባ የሌለበት ሰማያዊ ቆዳ አለው። በቡድን ይኖራል፤ ግራር ላይ ከእሾህ ትልቅ ክብ ጎጆ ይሠራል። ለዓመታት ተመራማሪዎችን ግራ ያጋባው ጥያቄ ከዚያች ቦታ ወጣ ሲባል ግራሩም አፈሩም ያው ሆኖ ሳለ ወፉ ለምን እንደሌለ ነበር። መልሱ ሙቀት ሆኖ ተገኘ። የሚኖርባት ቦታ ከዙሪያዋ ቀዝቀዝ ያለች ኪስ ናት። ሙቀት ሲበረታ ወፉ አፉን ከፍቶ ያለከልካል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ መብሉንም ይተዋል። ግድግዳ የሌለው እስር ቤት ውስጥ ያለ ወፍ ነው። የአየር ንብረቱ እየሞቀ በሄደ ቁጥር ኪሷ ትጠባለች፤ እርሻና ሰፈራ ደግሞ ከውስጥ ይገፉታል።

ስለዚህ አንዱን መረብ በመሰብሰብና ገበያውን በመዝጋት መርዳት ይቻላል፤ ለሌላው ያ ምንም አይፈይድለትም። ደብተራችሁ ላይ «ደረጃቸው አንድ ነው» ብላችሁ ካቆማችሁ ግማሽ ነጥብ ነው የምሰጠው።

ዘመዳሞች በአደጋም ይመሳሰላሉ?

አይመሳሰሉም። የአዲስ አበባው ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ ያው የቁራዎች አስተኔ ነው፤ ደረጃው ግን «ብዙም የማያሰጋ»። ከዚያው ከዘማሪዎቹ የነጌሌ ቦረናዋ የሊበን ሜዳ ወፍ ደግሞ «ለከፋ የመጥፋት አደጋ የተጋለጠች» ናት፤ ሣር ሜዳዋ ለእርሻ እየታረሰና በቁጥቋጦ እየተወረረ ነው፣ በዋናው የአፍሪካ ምድር በታሪክ የመጀመሪያዋ የጠፋች ወፍ እንዳትሆን ተሰግቷል። ከሬዮቹም በቀይ ባሕር የሚኖረው ባለ ሰማያዊ ነጠብጣቡ ሬይ «ብዙም የማያሰጋ» ነው።

በብዛት በማየትም አይፈረድም። ቄራ አካባቢ ሰማዩ ላይ የሚያንዣብበው ቆብ ደፊው ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ «ለከፋ የመጥፋት አደጋ የተጋለጠ» ነው፤ ከማንታውም ከቁጥቋጦ ቁራውም የባሰ ማለት ነው። ዘማሪ ወፍ ስላልሆነ ለቤት ሥራው አይሆንም እንጂ፣ ቀና ብላችሁ ስታዩት ይህን አስቡ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሬይ አለ?

የለም። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር በር የለንም፤ በሐይቆቻችንና በወንዞቻችንም ሬይ አይኖርም። ለኛ ቅርቡ ቀይ ባሕር ነው። በሱዳን ጠረፍ ያለው የዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤ በማንታዎቹ የታወቀ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቅድም ያነሳሁት ባለ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሬይም ለሳይንስ የተዋወቀው ከቀይ ባሕር ነው፤ መጀመሪያ የገለጸው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፎርስኮል የመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1763 ሞቶ ጽሑፉ ከ12 ዓመት በኋላ ታተመ።

የቁጥቋጦ ቁራውን ለማየት የሞያሌን መንገድ ይዞ ያቤሎ መውረድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በወፍ ጉዳይ መረጃ ለሚፈልግ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እዚሁ ከተማ ነው። የደረቁ ናሙናዎችን ቀርቦ ለማየት አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ የእንስሳት ሙዚየም አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓቱን ጠይቁ።

ሬይ ይናደፋል? ይበላል?

ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ሬይ አለ። አውስትራሊያዊው የዱር እንስሳት የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢ ስቲቭ ኧርዊን እ.ኤ.አ. በ2006 የሞተው በእንዲህ ያለው ተወግቶ ነው። ማንታ ግን መናደፊያ የለውም። መብላቱን በተመለከተ በብዙ አገር ይበላል። እኛ ጋ አምባዛን ቅርፊት የለውም ብለው የማይቀምሱ ሰዎች ስላሉ ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል፤ ሬይ ክንፍ አለው፣ እንደ ቆሮሶ ተፍቆ የሚነሳ ቅርፊት ግን የለውም። ከዚህ በላይ ያለው የንስሐ አባት ጉዳይ ነው።

ሕግ ይጠብቃቸዋል?

ለማንታ ዋናው የዱር ፍጥረታትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ንግዱ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። በ2025 መጨረሻ ሳማርካንድ ላይ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ ጥብቅ ወደሆነው የመጀመሪያው ሰንጠረዥ አለፈ፤ ይህም ለንግድ ብሎ ከአገር አገር ማሻገሩን ይከለክላል። የቁጥቋጦ ቁራው ጠላት ንግድ ስላልሆነ እንዲህ ያለው ስምምነት ብዙም አይደርስለትም። የሱ ነገር የሚወሰነው ያቤሎ ላይ፣ በግጦሽና በእርሻ አያያዝ ነው።

ሁሉም ልጅ እነዚህኑ ሁለቱን ከጻፈ መምህሩ አይጠረጥርም?

ይጠረጥራል። ስለዚህ ቀይሩ። ከዘማሪዎቹ በሜጋ ስም የምትጠራውን ነጭ ጅራት ወንጭፊት ውሰዱ፤ የቁጥቋጦ ቁራው ጎረቤት ናት፣ ደረጃዋ «ተጋላጭ» ነው። ከሬዮቹ ደግሞ የትልቁን ማንታ ታናሽ ዘመድ፣ የኮራል ሪፉን ማንታ ሞቡላ አልፍሬዲን፤ የሱም ደረጃ «ተጋላጭ» ነው። ምክንያቱን ግን ራሳችሁ ፈልጉት፤ እሱን በስልክ አልመልስም፣ ለወላጅም ቢሆን።